ቻኩ የማን ነው?

ጎድጓዳ የእንጨት ሳህን በማሽን ማውጣት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የመቁረጥ ሳይሆን የመያዝ ነው። የአልጋ እግር ቢሆን ቀላል ነበር፤ ከሁለቱም ጫፍ በሾለ ብረት ወጋ አድርጎ ማሽከርከር ነው። ሳህን ግን ውስጡ መውጣት አለበት። ውስጡ እንዲወጣ ደግሞ አንዱ ፊቱ ምንም ሳይነካው ክፍት መሆን አለበት። ስለዚህ ያ ሁሉ እንጨት በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ ይሽከረከራል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግንድ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ዳሩ በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከመያዣው ካመለጠ በዚያው ፍጥነት ነው ፊት ለፊት ወደቆመው ሰው የሚመጣው። ይህን ሁሉ በአንድ እጁ ጨብጦ የሚይዘው ዕቃ ቻክ ይባላል።

እኔ አሁን እንጀራዬን የማገኘው ኮድ በመጻፍ ነው። ዲግሪዬ ግን የሜካኒካል ምህንድስና ስለሆነ ከቻክ ጋር የተዋወቅሁት በወርክሾፕ ትምህርት ነው። ያኔ የሚነገረን የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነበር፦ የቻኩን ቁልፍ ቻኩ ላይ ሰክታችሁ ማሽኑን እንዳታስነሱ። ከዚያ ውጪ ቻክ ለእኛ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነበር። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በኋላ ታሪኩን ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ እጅግ የማውቀው ጉዳይ ሆኖ ያገኘሁት፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሠሯቸው ነገሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሕጉን ማን ያወጣል የሚል ጭቅጭቅ ነው። እኛ ኢንተርፌስ እንለዋለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለረጅም ዘመን ቻክ የሚባል ነገር አልነበረም። ግብፅ ውስጥ ቱና ኤል ገበል በሚባል ቦታ የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት አካባቢ የተቀረጸ ምስል አለ። አንዱ ሰው ገመድ እየጎተተ እንጨቱን ያዞራል፣ ሌላው ይቆርጣል። እስከ ዛሬ ከምናውቃቸው የማሽኑ ሥዕሎች ቀዳሚው ይህ ነው። እዚያ ላይ ያለው እንጨት ወደፊት ይዞራል፣ ገመዱ ሲመለስ ደግሞ ወደኋላ ይዞራል። አውሮፓ ውስጥም ለመቶዎች ዓመታት የተሠራበት ማሽን በዚሁ መንገድ ነበር የሚሄደው፦ ከታች በእግር የሚረገጥ እንጨት፣ ከላይ የሚለመጥ ረጅም ዘንግ፣ በመካከላቸው ገመድ። ሲረገጥ እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይዞራል፣ እግር ሲነሳ ዘንጉ ገመዱን መልሶ ይጎትተዋል። ግማሹ ጊዜ መቁረጫ፣ ግማሹ መመለሻ ነው።

በዚህ ማሽን ሳህን ይሠራ ነበር ወይ? አዎ፣ ያውም በብዛት። እንግሊዝ አገር በርክሸር ውስጥ በክልበሪ የሚባል ቦታ ጆርጅ ሌይሊ የሚባል ሰው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር። የሞተው በ1958 ነው፤ ማሽኑ ዛሬ ሬዲንግ ከተማ ባለው የእንግሊዝ የገጠር ሕይወት ሙዚየም ይገኛል። በዚህ አሠራር ግንዱ ላይ የብረት ሹል ያለው አጭር ድብልብል እንጨት ይመታበታል፤ ገመዱ የሚጠመጠመው እዚያ ላይ ነው። በሌላው በኩል ግንዱን የሚደግፍ ሹል አለ። ማለትም ሳህኑ አሁንም ከሁለት ወገን ተወግቷል። ውስጡ በቆልማማ መቁረጫ ዙሪያውን ይፈለፈላል እንጂ መሃሉ ላይ ምሰሶ የመሰለ እንጨት እስከ መጨረሻው ይቀራል። በመጨረሻ ያ ምሰሶ ተሰብሮ ይወጣና ቦታው በእጅ ይጸዳል። ሌይሊ በዚያ ቆልማማ ብረት ከአንድ ግንድ ውስጥ አንዱ በሌላው ሆድ ያለ ብዙ ሳህን ያወጣ ነበር። እኔ በበኩሌ ይህን «ኋላቀር» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፤ እንጨት የማያባክን አሠራር ነው።

ግን ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን፣ ወይም አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ዕቃ በዚያ መንገድ ማውጣት ጭንቅ ነው። የግድ አንድ ወገን ነጻ መሆን አለበት። ታዲያ ለምን በጥርስ የሚታሰር መያዣ አልሠሩም? መልሱ እዚያው አዟዟሩ ውስጥ ነው። ወደፊትና ወደኋላ የሚዞር ዘንግ ላይ በጥርስ የታሰረ ነገር አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል። ጥርስ የሚያስተማምነው ዘንጉ ሁሌም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ነው። ያኔማ ነገሩ ያምራል፦ መቁረጫው እንጨቱን ወደኋላ ሊያስቀር ሲታገል፣ ያ ትግል ራሱ ቻኩን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሥራው መያዣውን ያስራል ማለት ነው።

ስለዚህ ከቻክ በፊት ሳያቋርጥ የሚዞር ማሽን መምጣት ነበረበት። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1480ዎቹ አካባቢ በእግር የሚረገጥ፣ ከባድ መንኮራኩር ያለውና ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ማሽን ስሏል። በ1701 ደግሞ ሻርል ፕሉምየ የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ሊዮን ከተማ ውስጥ ስለዚህ ሙያ ብቻ የሚያወራ ትልቅ መጽሐፍ በላቲንና በፈረንሳይኛ አሳተመ። (ሰውየው የዕፅዋት ተመራማሪም ነበር። ፕሉሜሪያ የተባለው ባለ መዓዛ የአበባ ዛፍ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። መነኩሴ፣ የዕፅዋት ሊቅ፣ የማሽን ጸሐፊ፤ ያን ጊዜ «ፊልድህ ምንድን ነው» ብሎ የሚያፋጥጥ አልነበረም መሰለኝ።)

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የድሮው ቻክ ዋጋው ከማገዶ ብዙም የማይበልጥ የእንጨት ቁራጭ ነበር። የማሽኑ ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ አለ። ሠራተኛው ጠጣር እንጨት ይመርጥና መሃሉን ይበሳል፣ ቀዳዳው ውስጥ ከዘንጉ ጋር የሚገጥም ጥርስ ያወጣል፣ ከዚያ እንጨቱን ዘንጉ ላይ አጥብቆ ያስራል። በቃ፣ ግማሹ አለቀ። የቀረው ማሽኑን አስነስቶ የዚያን እንጨት ፊት በመሮ መፈልፈል ነው፤ የሚሠራው ዕቃ ግርጌ ልክ የሚገባበት ጎድጓዳ እስኪሆን ድረስ። ዕቃው ተገፍቶ፣ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ተመትቶ ይገባል። ከላላ ጠመኔ ይቀባል ወይም ወረቀት ይጨመራል። ጎድጓዳ ካልተፈለገ ደግሞ ዕቃው ከቻኩ ጋር በኮላ ይጣበቃል፣ በመካከላቸው ወረቀት ይገባል። ሥራው ሲያልቅ መሮ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ለሁለት ይከፈላሉ።

እዚህ ላይ በጣም የወደድኩት ነገር አለ። ይህ ቻክ መሃሉን የሚያገኘው ከፋብሪካ አይደለም። ራሱ በሚኖርበት ማሽን ላይ፣ በዚያው ዘንግ እየዞረ ስለተቆረጠ፣ መሃሉ የማሽኑ መሃል ነው። የብረት ቻክ በሺህ ዶላር ቢገዛ ትንሽ መሃል መሳቱ አይቀርም፤ የእንጨቱ ግን በተቆረጠበት ሰዓት ምንም አይስትም። ችግሩ የሚመጣው ወልቆ ሲመለስ ነው። ብዙ ሰው ጥርሱ መሃል የሚያስይዝ ይመስለዋል። አይደለም። ጥርሱ የሚጎትት ብቻ ነው። ቻኩን ቀጥ የሚያደርገው ከጥርሱ ጀርባ ያለው ወፈር ያለ እርከን ነው፤ የቻኩ ጀርባ በሙሉ እዚያ ላይ ድፍት ብሎ ካልተቀመጠ፣ ወይም አንዲት የእንጨት ፍቅፋቂ በመካከል ከገባች፣ ሁሉም ነገር ይዋልላል። ስለዚህ የቻኩ ጀርባ ዙሪያው ደረቱ እንዲያርፍ፣ መሃሉ ግን ጥቂት ገባ እንዲል ተደርጎ ይቆረጣል።

የእንጨቱ ምርጫም ጣጣ አለው። የእንጨቱ ጭረት ከዘንጉ ጋር ትይዩ ከሆነ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ዙሪያውን ተመጣጥኖ ይሸመቅቃልና ክብነቱን ይጠብቃል፤ ግን ጥርሱ በቀላሉ ይፈረፈራል። አግድም ከሆነ ጥርሱ ይበረታል፣ ቻኩ ግን ከወራት በኋላ እንቁላል ይሆናል። ለዚህ ነው እንግሊዞቹ ቦክስዉድ የሚባለውን እጅግ ድፍን እንጨት የመረጡት፤ እሱ በጭረቱ ጫፍ በኩል እንኳ ጥርስ ይይዛል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን አንድ የግድ የሚያስፈልግ መሣሪያ አለ፦ ከዘንጉ ጋር የሚገጥም ጥርስ ማውጫ። ጥርስ ማውጫው ካለህ የፈለግኸውን ያህል ቻክ ትሠራለህ። ከሌለህ ማሽንህ ዱዳ ነው። እና ጥርሱ በየማሽኑ የተለያየ ነበር።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የሆልትዛፕፌል ቤት ነው። ጆን ጄኮብ ሆልትዛፕፌል ከስትራስቡርግ ወደ ለንደን የመጣ ባለሙያ ነበር። ቁጥር 1 የተባለው ማሽኑ በ1795 ተሸጠ። ቤተሰቡ በትውልድ ቅብብል ወደ 2,500 የሚጠጉ ማሽኖች ሠርቷል፤ ገዢዎቹ በአብዛኛው ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ባላባቶች ነበሩ። ልጁ ቻርልስ በ1843 ስለ ሙያው የመጽሐፍ ተከታታይ ጀመረ፣ አምስተኛው ቅጽ በ1884 ወጣ፣ ስድስተኛው ታቅዶ ሳይወጣ ቀረ። (ሰነድ ጽፎ ያልጨረሰ ሁሉ ይጽናና።) የማሽኖቹ ዘንግ ጫፍ ላይ የነበረው ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ይመስላችኋል? ስምንት አይደለም። አሥርም አይደለም። 9.45 ነው።

ማንም ሰው ቁጭ ብሎ «9.45 ይሁን» ያለ አይመስለኝም። ያን ዘመን ጥርስ የሚወለደው ከሌላ ጥርስ ነበር፤ አንድ የቆየ ቡሎን ይኖራል፣ ከእሱ ሌላው ይቀዳል፣ ከዚያ ሌላው። ቁጥሩ የመጣው በኋላ ሲለካ ነው። ግን አንዴ ጥቂት መቶ ማሽኖች በዚህ ጥርስ ከተሸጡ በኋላ መመለሻ የለም። የ1800 ደንበኛ በ1840 አዲስ ቻክ ሲያዝ መግጠም አለበት። እኛ የቆየ ደንበኛ ኮድ እንዳይሰበር ብለን ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ስህተት ተሸክመን እንደምንዞረው ማለት ነው። ውጤቱ ግን ለሻጩ የሚመች ነበር፦ ማሽኑን ከሆልትዛፕፌል የገዛ ሰው ቻኩንም ከሌላ መግዛት አይችልም። ተንኮል ነው አልልም። ተንኮል ባይሆንም ገመዱ ያው ገመድ ነው። የወፍራም ፒንና የቀጭን ፒን ኖኪያ ቻርጀር ዘመንን የሚያስታውስ ይገባዋል።

ታሪኩን ያጣፈጠው ግን ከዚያው ቤት የወጣ ሰው ነው። ጆሴፍ ዊትወርዝ በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ በሄንሪ ሞድስሌይ ዘንድ፣ ከዚያም በሆልትዛፕፌል ቤት ሠርቷል። በ1833 ወደ ማንቸስተር ተመልሶ የራሱን ሥራ ጀመረ። በ1841 ለእንግሊዝ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አንድ ጽሑፍ አቀረበ፤ ከብዙ ወርክሾፖች ቡሎኖች ሰብስቦ፣ ለክቶ፣ አማካዩን ወስዶ «ሁላችንም በዚህ እንስማማ» የሚል። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች ለሆነ ቡሎን ደግሞ በኢንች 8 ጥርስ። ልብ በሉ፣ ምርጡን አልፈለገም። አማካዩን ነው የወሰደው፤ ሁሉም ከያዘው ብዙ እንዳይርቅ። እንደ እኔ ከሆነ የሥራው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1864 አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ ፊላደልፊያ ውስጥ የራሱን አቀረበ፦ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ፣ ለመሥራት የቀለለ። የግማሽ ኢንች ቡሎን ለዊትወርዝ 12 ጥርስ፣ ለሴለርስ 13 ሆነ። አንድ ኢንች ላይ ሁለቱም 8 አሉ። የተጣሉ ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ እንደማየት ነው። ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ እስከ 1948 ድረስ ሁለት የዓለም ጦርነቶች ማለፍ ነበረባቸው። ዛሬ በብዙ ትናንሽ የእንጨት ማሽኖች ዘንግ ላይ የምናገኘው «አንድ ኢንች በ8» የዚያ ስምምነት ልጅ ነው። አውሮፓ ደግሞ በሚሊ ሜትር ሄዶ 33 በ3.5 ላይ ረጋ።

በዚህ መሃል ቻኩ ራሱ ተለወጠ። የኮነቲከቱ ሳይመን ፌርማን በ1840 ለማሽን ቻክ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ዛሬ በየወርክሾፑ የምናየው፣ መንጋጋዎቹ በአንድነት የሚከፈቱትና የሚዘጉት ቻክ ታሪክ ከእሱ ጋር ይያያዛል። ሆዱ ውስጥ ያለውን ለመረዳት ምጣድ አስቡ። ሊጥ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ሲፈስ የሚስለው መስመር አለ አይደል? በአንድ ጠፍጣፋ ብረት ላይ እንደዚያ ያለ ቦይ ተቆርጧል፣ በዙሮቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሌም እኩል ነው። የመንጋጋዎቹ ጀርባ ቦዩ ውስጥ ይነክሳል። ብረቱ በቁልፍ ሲዞር ሁሉም መንጋጋ እኩል ወደ መሃል ይጠጋል። አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ቦዩ እየዞረ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ሁለተኛው መንጋጋ ጋ ሲደርስ ከመጀመሪያው ይልቅ ትንሽ ቀርቧል። ስለዚህ የእያንዳንዱ መንጋጋ ጥርስ በተለያየ ቦታ ይቆረጣል፤ ባለ ሦስት ከሆነ በሲሶ፣ ባለ አራት ከሆነ በሩብ ርቀት እየተዛወረ። መንጋጋዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር የተመታው ለጌጥ አይደለም። 2ን ከ1 በፊት ያስገባ ሰው የሚይዘው ዕቃ መሃል አይቆምም።

ይህ ቻክ ብረት ሠራተኛውን አስደሰተ። እንጨት ግን ይደቃል፣ ይሸመቅቃል፣ ሹል መንጋጋ ያቆስለዋል። የእንጨት ሰዎች በራሳቸው ልክ የተሠራ ባለ አራት መንጋጋ ቻክ በሰፊው ያገኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከታወቁት አንዱ ኖቫ የሚባለው የኒውዚላንዱ ቴክናቱል ኩባንያ ሥራ ነው። መንጋጋው ሰፊና ክብ፣ አፉ ጥቂት ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው። የሳህኑ ግርጌ ላይ አጭር ጉብታ ይቆረጣል፤ ጎኑ በዚያው መጠን ሲያዘነብል መንጋጋው ሲጠብቅ እንጨቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። ወይም ጉድጓድ ይቆረጥና መንጋጋው ከውስጥ ወደ ውጭ ይከፈታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ጀርባው ነው፦ ጥርሱ ከቻኩ አካል ጋር አንድ አይደለም። ጥርስ ያለው ትንሽ የብረት ቀለበት ለብቻው ይሸጣል፣ ቻኩ ውስጥ ይገባል። ማሽን ከቀየርክ ቀለበቱን ትቀይራለህ። እኛ አዳፕተር ብለን በኮድ የምንጽፈው ነገር፣ ብረት ሆኖ። ቻኩ ከማሽኑ ጋር የነበረው ጋብቻ እዚህ ላይ ፈረሰ።

እኛ ዘንድስ? የቶርኖ ቤቶቻችንን ቋንቋ ብቻ ስሙ፤ ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቪቴ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማሽኖቹ ግን ከየትም ይመጣሉ፤ አንዱ በኢንች፣ አንዱ በሚሊ፣ አንዱ ስሙ ተፍቆ። ባለፈው አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ የቆየ የእንጨት ማሽን አይቼ ባለቤቱን «ጋሼ፣ ጥርሱ ኢንች ነው ሚሊ?» አልኳቸው። «ማሽኑ አይናገር፣ ቁጠረዋ!» አሉኝ። ወረቀት አምጥተው ጥርሱ ላይ ጫን አድርገው በእርሳስ ፈገፈጉት። መስመሮቹ ወረቀቱ ላይ ወጡ። በ25.4 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስምንት፣ ውፍረቱ በካሊፐር ከ31 ተኩል ጥቂት አለፍ ያለ። አንድ ኢንች ከሩብ በ8 ነው።

«እንግዲህ 33 በ3.5 የሆነ ቻክ ገዝተህ ብትመጣ ምን ይሆናል መሰለህ?» አሉኝ።

«አይገባም።»

«ይገባል እንጂ! ክፋቱስ እሱ አይደል። ሰፋ ስለሚል ዙር ሁለት ዙር ይሄድልሃል፣ ከዚያ ይነክሳል። አንተ ጠበቀ ትላለህ። እርከኑ ጋ ግን አልደረሰም።»

በስምንት ጥርስ የአንዱ ርቀት 3.175 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌላው 3.5። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ግን ይደማመራል። እሳቸው የሚጠቀሙት ቻክ በገዛ እጃቸው የሠሩት ነበር፤ ጥርሱ ከአንድ የተጣለ ብረት ላይ የተቆረጠ፣ ፊቱ ላይ በቡሎን የታሰረ ወፍራም እንጨት፣ ዕቃው በተለወጠ ቁጥር እንደገና የሚፈለፈል። እንጨቱ ተበልቶ ሲሳሳ አውጥተው ሌላ ያስራሉ። ኮምፔንሳቶ ሞክረው እንደነበርና ድርብርቡ እየተላቀቀ እንዳስቸገራቸው ነገሩኝ።

የሆልትዛፕፌል ማሽኖች ዛሬም በሰዎች ቤት ይሠራሉ። ባለቤቶቹ አዲስ ቻክ ሲፈልጉ በአንድ ወገን 9.45 ጥርስ፣ በሌላው ወገን የዘመኑ ጥርስ ያለው መሸጋገሪያ ያስቆርጣሉ። ድሮ ይህን ጥርስ በሌላ ማሽን ላይ ለመቁረጥ የማርሽ ቁጥሮችን እያጣመሩ ወደ ልኩ መጠጋት ነበረባቸው። አሁን ዘንጉንና መቁረጫውን በኮምፒውተር የሚያገናኙ ማሽኖች አሉ፤ የሚጻፈው 25.4 ሲካፈል ለ9.45 ነው፣ ወደ 2.688 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ማሽኑም ምንም ሳይጠይቅ ይቆርጠዋል።